ውኃ ያልጠጣው ጣራ

ከሥራ ያስወጣኝ ዕድሜዬ ብቻ አልነበረም፤ ቀኝ ትከሻዬም ነው። ልስን የሚለስን ሰው ዘመኑን ሙሉ ክንዱን ከራሱ በላይ አንሥቶ ነው የሚኖር። አንድ ቀን ጧት ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ በሚሠራ ፎቅ ውስጥ መወጣጫ ላይ ቆሜ የልስን ማንኪያዬን ላነሣ ብል ክንዴ እምቢ አለኝ። እንደ ለገመች በቅሎ ቆመ። አለቃዬ ልጅ እግር ነው፤ «እትዬ ዘሀራ፣ ይቀመጡ፤ ይበቃዎታል» አለኝ። ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጫለሁ።

ሥራው ራሱ አሁን ሌላ ሆኗል። አርማታው በመኪና ተቦክቶ ይመጣል፣ በቱቦ ወደ ላይ ይገፋል፤ ግድግዳውም ጂብሰም ይቀባና በአንድ ቀን ነጭ ሆኖ ያድራል። መልካም ነው፤ እኔ የተሸከምሁትን የልጅ ልጄ እንድትሸከም አልሻም። ነገር ግን ሰው «ዕድሜሽን በምን ፈጀሽው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ካሠሩኝና ከሠራሁት ሁሉ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው አንድ ጣራ ነው። ኮምቦልቻ ያለው የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ጣራ።

እኔ እስላም ነኝ፤ ደጋን ከምትባል አገር የመጣሁ የገበሬ ልጅ። ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ ቀረ። መርዶ እንኳ በወጉ አልመጣልኝም፤ አብረውት የሄዱት ተመለሱ፣ እሱ አልተመለሰም፣ በቃ። ልጄን አዝዬ ኮምቦልቻ እህቴ ከድጃ ቤት ገባሁ። ከድጃ ልጄን ያዘችልኝና እኔ የቀን ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። «ሚሲዮኑ ትልቅ ቤት እያሠራ ነው፤ ሴትም ይቀጥራሉ» አሉኝ። ጊዜው ደርግ ነው፤ የአምልኮ ቤት ላንጽ ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። ወረቀቱ ላይ «አዳራሽ» ተብሎ ነው የተጻፈው ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ወረቀቱን አላየሁም። ያየሁት የተቆፈረ መሠረትና የድንጋይ ክምር ነው።

መጀመሪያ የሰጡኝ ባሬላ ነው፤ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ሆኖ ድንጋይና አሸዋ የሚሸከምበት የእንጨት ቃሬዛ። የሥራው አለቃ ጋሽ ገብረመስቀል ይባሉ ነበር። የአጋመ ሰው ናቸው፣ ካቶሊክ፤ ልጅነታቸውን አሥመራ ከጣሊያን ግንበኞች እግር ሥር ያሳለፉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው በዕድሜ ይሁን በሲሚንቶ የነጣ የማይለይ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም፤ ከነበራቸውም አያወሩም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ፣ እኔ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ላይ መዳፌን አሳርፌ ቆምሁ። ከሙቀቱ ትንሽ ልቀዝቀዝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ዘወር ስል ጋሽ ገብረመስቀል ከኋላዬ ቆመዋል። ደነገጥሁ።

«ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ማን?»

«ግድግዳው ነዋ።»

የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ቀስ ብዬ፣ «ቀዝቃዛ ነው» አልሁ።

«ቀዝቃዛ ከሆነ ገና እየጠጣ ነው። ሲሞቅ ጠምቶታል ማለት ነው። ሲሞቅ ጥሪኝ።»

ከሰዓት በኋላ ባሬላዬን እያስቀመጥሁ ደጋግሜ ሄጄ ነካሁት። ሲሞቅ ጠራኋቸው፤ ውኃ ረጩበት። እንደገና ሲሞቅ እንደገና ጠራኋቸው። በማግሥቱ ባሬላውን ለሌላ ሰጥተው የግንበኛ ማንኪያ አስያዙኝ። ወንዶቹ አጉረመረሙ። «ሴት ለሳኝ የት አገር አለ?» አለ አንዱ። ጋሽ ገብረመስቀል ቀና ሳይሉ፣ «ያደግህበትን ቤት በጭቃ የመረገው ማን ነው? አባትህ ነው?» አሉት። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረኝ።

ሙያቸውን በንግግር አላስተማሩኝም፤ ንግግር አይወዱም። ያየሁትን ነው የያዝሁት። ጧት ሲመጡ ከሰው ሰላምታ በፊት ትናንት የሠሩትን በመዳፍ ይዳስሳሉ። ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ልስኑ ከድንጋዩ ጋር ካልተያያዘ ድምፁ ባዶ ነው። አሸዋ ሲመጣ ቆንጥረው በመዳፋቸው ላይ ያሹና ያራግፉታል፤ መዳፋቸው ቆሽሾ ከቀረ አፈር አለበት፣ ይመለሳል። ማታ መሣሪያቸውን ሳያጥቡ እጃቸውን አይታጠቡም። ምሳቸውን ደግሞ ሁልጊዜ ከሠሩት ሥራ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የሚበሉ፤ ዳቧቸውን እየቆረሱ ሥራቸውን ያያሉ። ድንገት ዳቦውን መሬት ካስቀመጡ፣ የሆነ ነገር ሊፈርስ ነው ማለት ነው። እኛም የጀመርነውን ጉርሻ ውጠን እንነሣለን።

የቤቱን ሐሳብ ያመጡት አባ ማርኮ ናቸው፤ ሽማግሌ የውጭ አገር ቄስ። አማርኛ ጥሩ አድርገው ያውቃሉ፤ ሴትና ወንድ ግን ይምታታባቸዋል። እኔን «አንተ ዘሀራ» ነው የሚሉኝ። ፕላኑን የነደፈው የአገራቸው መሐንዲስ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ አልፎ አልፎ ይመጣል። ፕላኑ ሲዘረጋ እኛ ሠራተኞቹ ግራ ገባን። ቤቱ ስምንት ማዕዘን ነው፤ በውስጡ አንድም ምሰሶ የለው። ጣራው ስምንት ትልልቅ እጥፋት ሆኖ ከግድግዳው ይነሣና መሐል ላይ፣ ብርሃን የሚገባበት ክብ ቀለበት ላይ ይገናኛል። ልክ እንደ ተዘረጋ ጥላ። ውፍረቱ ደግሞ ከአንድ መዳፍ አይበልጥም።

«ይሄ ይወድቃል» አልሁ ሳላስበው።

አባ ማርኮ ሳቁና አንድ ወረቀት አነሡ። «አንተ ዘሀራ፣ ይህን ከጫፉ ያዝ።» ሰዉ ሳቀብኝ። ያዝሁት፤ ወረቀቱ ተልፈሰፈሰና ወደ ታች ተንጠለጠለ። ከዚያ ወሰዱና እንደ ማራገቢያ አጣጥፈው መለሱልኝ። ቀጥ ብሎ ቆመ። «እጥፋቱ ነው የሚሸከም» አሉኝ። «ውፍረት አይደለም።»

ለምን ክብ መሰል እንደሆነም ነገሩን። በድሮው ልማዳቸው ቄሱ ለሰው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚቀድስ፤ አሁን ፊቱን ወደ ሰው አዞረ። «ሰው ማዕድ ሲቀርብ ዙሪያውን ነው የሚቀመጥ፤ ቤቱም እንዲያ ይሁን ብለን ነው።» ጋሽ ገብረመስቀል ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን ምሳቸውን ባዶው መሠረት ፊት ተቀምጠው ሲበሉ አየኋቸው። ገና ምንም የለም፤ እሳቸው ግን ያዩት ነበር።

ግድግዳው ከቦርከና ወንዝ ዳር በመጣ ግራጫ ድንጋይ ተገነባ። ከዚያ አርማታው የሚፈስስበት የጣራው ሣንቃ ተራ መጣ። አናጺው ደረጀ ይባላል፣ ጴንጤ ነው። የነሱ የጸሎት ቤት ታሽጎ ስለነበር በየሰዉ ቤት ነበር የሚጸልዩ። አንዱ፣ «የካቶሊክ ቤት ትሠራለህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ሰው የሚጸልይበት ከሆነ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም» አለው። ሣንቃዎቹን እንደ መሶብ ወርቅ ነበር የገጣጠማቸው።

ጣራው የተሞላው በአንድ ቀን ነው። አርማታ ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ግማሽ ቢሞላ፣ የተቋረጠበት ቦታ ላይ አይያያዝም፤ ስለዚህ ሳይቋረጥ ማለቅ አለበት። ጋሽ ገብረመስቀል ቀለበቱ ላይ ቆመው በእጃቸው ምልክት እየሰጡ፣ እኛ በመወጣጫው ላይ ተሰልፈን ባልዲ እየተቀባበልን ሞላነው። ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ ወጣቶች ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው አገዙን። የመጨረሻው ባልዲ ሲደፋ ጋሽ ገብረመስቀል ቆባቸውን አወለቁ። እንደዚያ ያለ ፊት ሙሽራ ላይ እንኳ አላየሁም።

ብዙ ሰው አርማታ የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሲጠጣ ነው። እየጠጣ ሲከርም ድንጋይ ይሆናል፤ በቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ቀጭን ጣራ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው፣ ቶሎ ይጠማዋል። ጣራውን በሙሉ ጆንያ አለበስነው። እኔና ሌሎች ሴቶች ከሚሲዮኑ ጉድጓድ በእጅ ፓምፕ እየቀዳን፣ ባልዲ በባልዲ እያወጣን ጆንያውን እናርሰው ጀመር።

ያ ዓመት የሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓመት ነው።

ስለ ድርቁ ብዙ አላወራም፤ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ሰዉ ከደጋም ከቆላም ወደ አስፋልቱ ወረደ። ቦርከና የኩሬ ጥርቅም ሆነ። ሚሲዮኑ ውኃ አለው የሚል ወሬ ተሰማና በሩ ላይ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። አባ ማርኮ ያላቸውን እህል እያስፈጩ ገንፎ ያስገነፋሉ፤ ጉድጓዱ ግን አንድ ነው። ፓምፑም ረፋድ ላይ ጭቃ መትፋት ጀምሮ ነበር።

ጣራው ከተሞላ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ጧት ባልዲዬን ይዤ መወጣጫው ላይ ስደርስ ከክፈፉ ሥር ሰው ተሰልፎ አየሁ። ቆርቆሮ ጣሳ የያዘ፣ ቅል የያዘ፣ ምንም ያልያዘ መዳፉን የዘረጋ። ከጆንያው የሚንጠባጠበውን ውኃ እየጠበቁ ነው። ግራጫ ነው፣ የሲሚንቶ እጣቢ። አንዲት ሴት በጣሳ የጠራቀመችውን ወደ ልጇ አፍ ስታስጠጋ አየሁና ጮህሁ።

«ኧረ ተይ! እሱ አይጠጣም!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ውኃ አይደል?» አለች። ልትከራከረኝ አልነበረም፤ በእውነት እየጠየቀችኝ ነው።

ጋሽ ገብረመስቀል ጩኸቴን ሰምተው ወደ ጠርዙ መጡና ቁልቁል ተመለከቱ። ከዚያ ወረዱ። አባ ማርኮም ከግቢው መጡ።

«ገብረመስቀል» አሉ አባ ማርኮ፣ «ጉድጓዱ ለሁለቱ አይበቃም።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ጣራው ያለ ውኃ ይችላል?»

«አይችልም። ገና ነው።»

አባ ማርኮ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያን ቤት ለማቆም ስንት ዓመት ደጅ እንደጠኑ ሁላችንም እናውቃለን። ውሳኔውን ከጋሽ ገብረመስቀል አፍ መስማት የፈለጉ ይመስለኛል፤ ራሳቸው ማዘዝ ፈርተው። ጋሽ ገብረመስቀል አላስጨነቋቸውም። ወደኔ ዞሩና፣ «ዘሀራ፣ ባልዲዎቹን በሙሉ አውርጂ» አሉኝ።

«ጣራውስ?»

«ጣራው እናት የለውም» አሉ። «ማንም አያለቅስለትም።»

ባልዲዎቹን አወረድን። ንጹሑን ውኃ ለሰው ማደል ጀመርን። ያችን ሴት ራሴ አጠጣኋት፤ ልጁ ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ የምትንቀሳቀሰውን ነገር ዛሬም አያታለሁ። እናት የለውም ያሉት ጋሽ ገብረመስቀል ግን ጣራውን ጥለው አልሄዱም። ሸራ ለምነው አለበሱት። እርጥብ አፈር አደረጉበት። የኮምቦልቻ ፀሐይ ሁሉንም አደረቀው። በየቀኑ እየወጡ በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። አንድ ረፋድ ላይ ከታች ሆኜ ሳያቸው፣ አንዱ እጥፋት ላይ ተንበርክከው ቀሩ። ወጣሁ። እጥፋቱ ከቀለበቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ ጸጉር የመሰለች መስመር ወጥታለች። በጣታቸው ተከተሏት፤ ረጅም ነበረች። ሌሎቹም እጥፋቶች ላይ እንዲሁ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዳቦውን አወጡ፣ መሬት ላይ አስቀመጡት። መልሰው አላነሡትም።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ መጥቶ አየው። ደግ ሰው ነው፣ ማንንም አልወቀሰም። በመዶሻ እየመታ፣ በክር እየለካ ዋለና፣ «አይወድቅም፤ እጥፋቱ ይዞታል። ግን ያፈስሳል» አለ። እንዳለውም ሆነ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ልቅላቂ ሞላነው፣ ተላቀቀ። ሬንጅ አፍልተን አፈሰስንበት፣ ፀሐዩ አቀለጠው። ሣንቃው ወርዶ ባዶው አዳራሽ ከላይ በቀለበቱ ብርሃን ሲገባበት እንደዚያ ያማረ ቤት አላየሁም ነበር፤ ጋሽ ገብረመስቀል ግን ቀና ብለው አያዩትም። ሰው ሲያመሰግናቸው መሬት መሬት ያያሉ።

አባ ማርኮ ቤቱን ለቅዳሴ ሳይከፍቱት ለሰዉ ከፈቱት። መስኮት የለው፣ በር የለው፣ ግን ጥላ ነው። ከመንገድ ዳር የነበሩት ገብተው ሰፈሩበት። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጡና ሰው እዚህ መሰብሰብ አይችልም፣ ይበተን አሉ። ጋሽ ገብረመስቀል ረጋ ብለው፣ «የኔ ሠራተኞች ናቸው» አሉ።

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ። ሥራው ብዙ ነው።»

እኔ ቶሎ ብዬ ለአንዱ ሽማግሌ ድንጋይ፣ ለአንዷ ወንፊት አስያዝሁ። ሌላውም ገባውና በአጠገቡ ያገኘውን አነሣ። ቆመው መዋል ያቃታቸው ሰዎች ድንጋይ አቅፈው ተቀመጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር አየ፣ አየና፣ «በርቱ ታዲያ» ብሎ ወጣ። ያወቀብን ይመስለኛል። እሱም የወሎ ልጅ ነው።

ድንጋይ ያስያዝሁት ሽማግሌ አባ ይማም ይባሉ ነበር፤ የደጋ ገበሬ። ሚስታቸውን መንገድ ላይ ቀብረው ከምራታቸው ጋር ነው የመጡ። እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ አንድ ጥግ ላይ፣ አባ ማርኮ ሰሌን ሰጥተዋቸው ይሰግዱ ነበር። ማንም አልከለከላቸውም።

ክረምቱ ገባ አልገባ እየተባለ ሰው ሰማይ ሰማይ ሲያይ ሰነበተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ሆኜ ከጋሽ ገብረመስቀል ጋር የመስኮት ጠርዝ እለስናለሁ። የአርማታ ጣራ እንደ ቆርቆሮ አይደለም፤ ዝናብ ቢመታው አይጮህም። ስለዚህ ውስጥ ያለ ሰው ደጅ የሆነውን አያውቅም። አባ ይማም ድንገት፣ «ማን ነው ውኃ የሚደፋ?» አሉ። እንደገና እጃቸው ላይ ጠብ አለ። ቀና አሉ። ሌላ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

«ያ ጀመዓ!» ብለው ጮሁ፣ ድምፃቸው እየተሰነጠቀ። «ዝናብ ነው! ዝናብ ነው!»

መነሣት የሚችለው ሁሉ ተነሣ። ግማሹ ወደ ደጅ ሮጠ፤ መሮጥ ያልቻለው ስንጥቁ ወዳለበት እየተንፏቀቀ ሄዶ ከሥሩ ተቀመጠ። በስምንቱም እጥፋት ላይ ያፈስስ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ማንኪያዬ ከእጄ ወድቋል። ዞር ብዬ ጋሽ ገብረመስቀልን ሳይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የሚንጠባጠበውን ያያሉ። ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት ነበር።

አባ ይማም አጠገባቸው መጡ። «ይህን ቤት የሠሩ አንቱ ነዎት አሉኝ።»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። አፉ ይበሉኝ፣ አፈሰሰብዎ።»

«ምኑን ነው አፉ የምልዎ?» አሉ አባ ይማም። «አላህ ዝናቡን መላኩን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የነገረን የርስዎ ቤት ነው።» ከዚያም ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሳሙ። ጋሽ ገብረመስቀል እጃቸውን ሊነጥቁ ታገሉ፤ ሽማግሌው አልለቀቁም። ሁለቱም ተያይዘው ቆሙ፣ ከላይ እየተንጠባጠበባቸው። ጋሽ ገብረመስቀል መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነበር።

ሰዉ ዘር እየተሰጠው ወደየአገሩ ተመለሰ። አባ ይማምም ምራታቸውን ይዘው ሄዱ። እኛ በዚያው ክረምት ጣራው ላይ ወጣን። መሐንዲሱና ጋሽ ገብረመስቀል ተማክረው በስንጥቁ ላይ ሽቦ ዘርግተን፣ በላዩ ቀጭን ሁለተኛ ልስን እንድናለብሰው ወሰኑ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን እንሠራለን፣ ሲመጣ በሸራ እንሸፍናለን፤ ልስኑ ከያዘ በኋላ ግን ማጠጣቱን ሰማዩ ራሱ ወሰደልን። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ገብረመስቀል ሁለት እጥፋት ሙሉ ለብቻዬ የሰጡኝ። ስጨርስ መጡ፣ ኳ ኳ አደረጉ፣ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «እሺ» አሉ። ከሳቸው አፍ «እሺ» ማለት ብዙ ነው።

ጣራው ያዘ። በበሩ በኩል አንዱ ጥግ ብቻ ነሐሴ ነሐሴ ይረጥባል፤ ስንት ጊዜ እንደለሰንሁት አላስታውስም፣ መልሶ ይረጥባል። ቤቱ ተመርቆ ቅዳሴ ሲጀመር ሄጄ ከኋላ ቆምሁ። ሰዉ እውነትም ዙሪያውን ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደሴ ተቀጠርሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ሴት ለሳኝ መሆኔን ሲሰማ ወደ ጽዳት ሊመድበኝ ነበር፤ ከጋሽ ገብረመስቀል ጋር እንደሠራሁ ስነግረው ማንኪያ አሰጠኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ግን በየወሩ ይመጣል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሕሙማን ክፍል ስንሠራ፣ ቆሻሻ እንዳይሸሸግበት የግድግዳና የወለሉን መጋጠሚያ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ አድርጎ መለሰንን ተማርሁ። ያን የሚያወጣው ማንኪያ አይደለም፣ ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱን አርጥበሽ ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ትንፋሽ ትጎትቺዋለሽ። ጋሽ ገብረመስቀል ይህን ሰምተው ከኮምቦልቻ ድረስ ሊያዩ መጡ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሄዱበት። «ይህን እኔም አላውቀው» አሉ፤ ደስ እንዳላቸው ዓይናቸው ያስታውቅ ነበር።

የደርግ መጨረሻ ግድም ጋሽ ገብረመስቀል ታመሙ። ሳንባቸው ነው፤ የሲሚንቶ ብናኝ የበላው ሳንባ። እኔ በየሳምንቱ እየወረድሁ አጥባቸዋለሁ፣ ሾርባ አጠጣቸዋለሁ። ልጄ አድጋ ነበር፤ እሷም እግራቸውን ታሻለች። አንድ ጧት አባ ማርኮ ላኩብኝ፤ ስደርስ ጋሽ ገብረመስቀል አርፈዋል። የሰሜኑ መንገድ በጦርነቱ ተዘግቶ ነበር። አጋመ ላለ ወገናቸው መርዶ የሚነግር፣ መጥቶም የሚያለቅስ አልተገኘም።

ቅዳሴው እዚያው በሠሩት ቤት ተደረገላቸውና ተቀበሩ። ከቀብር ስንመለስ አባ ማርኮ፣ «ሐዘኑን ሚሲዮን ግቢ እንቀመጣለን» አሉ።

«እኔ ቤት ነው የሚሆን» አልሁ። ደሴ ከተቀጠርሁም በኋላ ኮምቦልቻ ያለችውን ቤቴን አልለቀቅሁም ነበር።

ከድጃ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ካቶሊክ ናቸው እኮ። ሰው ምን ይላል? ማንስ ይመጣል?»

«ማንም ባይመጣ እኔ እቀመጣለሁ።»

ከድጃ ተቆጥታ ሄደች። እኔ ግቢዬ ውስጥ ሰሌን አንጥፌ ተቀመጥሁ። አባ ማርኮ መጥተው ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ደረጀ አናጺው መጣ። የባሬላ ጓደኞቼ መጡ። ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ሁለት እያለ ገባ። ከድጃም ተመልሳ መጣች፤ ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች። ማሰሮ አንሥታ ውኃ ለሰዉ ማደል ጀመረች።

ወደ ማምሻው የመስጊዳችን ሼህ መጡ። ሰዉ ቦታ ለቀቀላቸው። ተቀምጠው ዱዓ አደረጉና ወደኔ ዞሩ። የመጡት በጎረቤት ወግ ነው እንጂ ነገሩን አላወቁትም።

«ሟቹ ምንሽ ናቸው፣ ልጄ?»

አፌን ከፈትሁ። አለቃዬ ልበል? አነሰብኝ። አስተማሪዬ? እሱም አነሰ። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። ያን ጊዜ ከድጃ ማሰሮውን እንደያዘች ከመሐል ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ መለሰች።

«አባቷ ናቸው።»

ሼሁ ካቶሊኩን ቄስ አዩ፣ ከድጃን አዩ፣ እኔን አዩ። ቀስ ብለው ተነሡና እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። «አባትሽን አላህ ይማራቸው» አሉኝ። «ላንቺም ሶብሩን ይስጥሽ።»

ቀብሩ ላይ ያልመጣው እንባዬ ያን ጊዜ መጣ።